የአውራ ጣት መግቢያ

የፒያኖ መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ከኖታዎቹ አናት ላይ ቁጢጥ ያሉ ትንንሽ ቁጥሮች ያገኛል። 1 አውራ ጣት ነው፣ 2 ሌባ ጣት፣ 3 የመካከሉ፣ 4 የቀለበቱ፣ 5 ትንሿ። ከ5 አያልፍም፤ ሂሳብ ያስመረረው ሰው ሙዚቃ ሲማር የሚያገኘው እፎይታ ይኸው ነው። ችግሩ ቁጥሮቹን የጻፈው ሰው የራሱን እጅ እያየ መጻፉ ነው። የኔን አላየም። እዚህ ጉንደ ወይን በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ እንኳ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቤን ሳይለካ መቀሱን አያነሣም። መጽሐፉ ግን ለዓለም እጅ በሙሉ አንድ ልክ ሱሪ ሰፍቶ ልኳል። የጠበበው ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ይለማመድ።

እኔ የምለው፣ አይለማመድ። ወይም ይለማመድ፣ ግን መጀመሪያ ጣቱን ይምረጥ።

ወደ ጉንደ ወይን የሚመጣ መኪና ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ያልፋል፤ ከዚህ ወይ ወደ ሞጣ ይቀጥላል ወይ ወደ መርጡለ ማርያም ይታጠፋል። የሚጭነው እህል፣ ቆርቆሮና ሰው ነው። ትልቁ የኮንሰርት ፒያኖ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። አምስት ኩንታል ጤፍ ቢሆን ኖሮ ወዛደሮቹ ሻይ ሳይበርድ ጭነው ይጨርሱት ነበር፤ ፒያኖ ስለሆነ ግን ይጫንልኝ ብሎ የጠየቀም የለም። እኔ ያለኝ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ኦርጋን ይለዋል። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፣ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። የጎደሉትን 27 ጎረቤቶቼ አልናፈቋቸውም። እንዲያውም የሚጎድል ነገር ይጨመር ቢባሉ ብዙ ሐሳብ ያላቸው ይመስለኛል።

ወደ ነገሩ እንግባ። አርፔጂዮ ማለት አንድን ቾርድ በአንድ ጊዜ ድፍን አድርጎ ከመምታት ይልቅ ኖታዎቹን አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች መልቀም ነው። ክራር የሚጫወት ሰው ግርፉን ትቶ ጅማቶቹን በየጣቱ ለያይቶ ሲያናግራቸው ድርድር የሚለው ጨዋታ የቅርብ ዘመዱ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ዶ። በአንድ ኦክታቭ፣ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ፣ ከተወሰነ ጠብ የለም፤ 1፣ 2፣ 3፣ 5 ብሎ ወደ ቤት መግባት ነው። ጠቡ የሚነሣው ሁለተኛው ኦክታቭ ላይ እንውጣ ሲባል ነው። ሦስት ኖታ ሲመታ ሦስት ጣት ያልቃል፣ ሁለት ጣት ይቀራል፣ መንገዱ ግን ገና መጀመሩ ነው። ያኔ አውራ ጣት ከመዳፍ ሥር ሾልኮ ቀጣዩን ዶ መያዝ አለበት። 1፣ 2፣ 3፣ እንደገና 1፣ 2፣ 3፣ ጫፍ ላይ 5። በወረቀት ላይ ሲታይ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ይመስላል። ነገር ግን ተራውን ስኬል ሲጫወቱ አውራ ጣት የሚሾልከው እዚያው አጠገቡ ወዳለው ቁልፍ ነው። እዚህ ግን የመካከሉ ጣት ሶል ላይ ቆሞ እያለ፣ ላንና ሲን ዘልሎ ዶ ላይ መድረስ አለበት። ክርን ይነሣል፣ ትከሻ ይከተላል፣ አንዳንዱ ሰው ምላሱን ያወጣል።

የሚከተለው ክርክር ደግሞ የሦስትና የአራት ነው። በቀኝ እጅ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ሲሆን መጽሐፉ 1፣ 2፣ 3 ይላል። ያው ቾርድ ተገልብጦ ከሚ ሲጀምር፣ ሚ፣ ሶል፣ ዶ ሲሆን፣ 1፣ 2፣ 4 ይላል። ምክንያቱ ርቀት ነው፦ ከሶል እስከ ዶ ያለው ክፍተት ከሚ እስከ ሶል ካለው ይሰፋል፤ ሰፊውን ክፍተት ሌባ ጣትና የቀለበት ጣት ተካፍለው ቢይዙት ይሻላል። ግራ እጅ ላይ ዶ ሜጀር 5፣ 4፣ 2፣ 1 ይባላል፤ ሬ ሜጀር ላይ ሲደረስ ግን የመካከሏ ኖታ ፋ ዲየዝ ጥቁር ላይ ወጥታ ከሬ ስለምትርቅ ብዙዎች አራተኛውን ጡረታ አስወጥተው 5፣ 3፣ 2፣ 1 ይመታሉ። ሚ ቤሞል ሜጀር ደግሞ ጭራሽ በጥቁር ቁልፍ ስለሚጀምር ቀኝ እጅ በሌባ ጣት ይነሣና አውራ ጣት ሶል ላይ፣ ነጩ ላይ፣ ይጠብቃል። ሕጉ በአጭሩ፣ አጭሩ ጣት ነጩ ላይ፣ ረዣዥሞቹ ጥቁሩ ላይ የሚል ነው። ጥሩ ሕግ ነው። እንደማንኛውም ጥሩ ሕግ የሚሠራው ባለጉዳዩ ቀላል ሲሆን ነው።

አራተኛው ጣት ምን አድርጎ ነው ሁሉም የሚሸሸው? የሚጠራጠር ሰው አሁኑኑ ይሞክረው። መዳፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የመካከል ጣቱን ብቻ ወደ ውስጥ ይጠፈው፤ ከዚያ አውራ ጣቱን ያንሣ፤ ይነሣል። ሌባ ጣቱን ያንሣ፤ ይነሣል። ትንሿን ያንሣ፤ እሷም አታሳፍርም። የቀለበት ጣቱን ያንሣ። አይደል? ጅማቱ ከጎረቤቶቹ ጅማት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ ሽማግሌ ካልተላከ አይነሣም። ሮበርት ሹማን በወጣትነቱ፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ ቀኝ እጁ ተበላሽቶ ከፒያኒስትነት ቀርቶ ወደ ድርሰቱ ዞሯል፤ ጣቱን ሊያጠነክርበት የሞከረው መሣሪያ ነው ያበላሸው እየተባለ ይነገራል። ፒያኒስቱና ደራሲው ሾፓን የተሻለ ብልሃት ነበረው። ለማስተማሪያ በጀመረውና ሳይጨርሰው በቀረው ጽሑፍ ላይ ጣቶችን ሁሉ እኩል ለማድረግ መታገል ተፈጥሮን መቃወም ነው፣ የእያንዳንዱን ጠባይ መጠቀም ይሻላል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ጀማሪ ተማሪ ሲመጣለትም በዶ ሜጀር አያስጀምርም፤ አምስት ጥቁር ቁልፍ ያለውን ሲ ሜጀር ይሰጠዋል፤ ረዣዥሞቹ ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ ተመቻችተው ሲተኙ እጅ የራሱን ቅርጽ ያገኛልና። እኛ ጋ ቢሆን ወላጅ «ልጄን በከባዱ ጀመረው» ብሎ ስብሰባ ያስጠራ ነበር።

የእጅ ስፋትም ሌላ ጣጣ ነው። በመደበኛ ፒያኖ የአንድ ኦክታቭ ሰባት ነጭ ቁልፎች ተደምረው 16.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ማን ለካው? በማን እጅ ለካው? የፖላንድ ተወላጁ ጆሴፍ ሆፍማን በዘመኑ ስሙ የገነነ ፒያኒስት ነበር፤ እጁ ግን ትንሽ ነበረችና ስታይንዌይ ኩባንያ ቁልፎቻቸው ጠበብ ያሉ ፒያኖዎች ሠርቶለታል። ደራሲው ራክማኒኖቭ በበኩሉ እጁ በጣም ትልቅ ነበር። በ1909 የጻፈውን ሦስተኛውን የፒያኖ ኮንቼርቶ መታሰቢያነቱን ለዚሁ ለሆፍማን ሰጠው፤ ሆፍማን ግን አደባባይ ወጥቶ አንድም ቀን አልተጫወተውም። ስጦታ ሲሰጥ ልክ መጠየቅ ደግ ነው።

እኔን ያጽናናኝ ግን የአዝማሪው እጅ ነው። በገበያ ቀን ከጠላ ቤት ደጃፍ መሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አቁሞ የሚጫወት ሰው ቢያገኙ ፊቱን ትተው ግራ እጁን ይመልከቱ። አውራ ጣቱ አንገቱን ይዟል፤ ሥራው መያዝ ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ የፈረስ ጭራውን ከጎኑ ነካ፣ ለቀቅ ያደርጉታል፤ ሥሩ እንደ ጊታር የሚጫኑበት እንጨት የለም፣ አየር ነው። ጅማቱ ሳይነካ አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ አራቱ ጣቶች አራት ይጨምራሉ፣ አምስት ሆነ። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም ቅኝታቸው ባለ አምስት ድምፅ ነው። አውራ ጣት በማንም ሥር መሾለክ ሳያስፈልገው፣ ክርን ሳይነሣ፣ ምላስ ሳይወጣ ቤቱ ሞላ። አንድ ቀን ለአንዱ ተጫዋች ስለ ጣት ቁጥር ላስረዳው ብል ቀስቱን አቁሞ በትዝብት አየኝና፣ «ወንድምዓለም፣ ጣትህን ስታስብ ግጥሙን ማን ያስብልሃል?» አለኝ። ከዚያ በኔው ስም ግጥም አወረደብኝ፤ ከፍዬ ተገላገልኩ።

ክራሩም ቢሆን ዕዳው ቀላል ነው። ብዙውን ጊዜ ስድስት ጅማት ነው፣ ግራ እጅ አምስት ጣት አለው፤ ስድስተኛውን አንዱ ደርቦ ይይዘዋል፤ በዚህ ምክንያት የተጻፈ መጽሐፍ የለም፤ የተጣላም ሰው አላየሁም። የሚገርመው በገና ነው። አሥር ጅማት አለው፤ የሃይማኖት አባቶች አሥርቱ ትእዛዛት ናቸው ይላሉ። ታዲያ አብዛኛው ደርዳሪ አሥሩንም አይመታም፤ ድምፅ የሚሰጡት አምስት ወይም ስድስት ያህሉ ናቸው። የቀሩት ጣት ማረፊያ ናቸው። ጣቱ የራሱን ጅማት መትቶ ወዴት እንሂድ ሳይል ቀጥሎ ካለው ጅማት ላይ ዐረፍ ይላል፣ ተራው ሲደርስ ይነሣል። ማረፊያውን አስቦ መሣሪያ የሠራ ሰው ይባረክ! በገናን በዘመናችን ካስተዋወቁት አንዱ የሆኑት ዓለሙ አጋ ከ1972 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል። በዚያው ግቢ ውስጥ አንዱ ክፍል ጣት የሚያርፍበት ትርፍ ጅማት እየተማረ፣ ሌላው ክፍል 88 ቁልፍ ፊት ተቀምጦ አንዲት የጣት ማረፊያ ሲያጣ አስቡት።

ነገሩን የበለጠ ያብላሉልኝ ግን ጎረቤቴ የኔታ ናቸው። ከደጅ ሲያልፉ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ አዩና መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«ይህ ከላይ ያለው ምልክት ነው?» አሉኝ።

ለየኔታ መልሱ ግልጽ ነበር። የያሬድ ዜማ በተጻፈበት ብራና ላይ ከግእዙ ቃል አናት ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት የሚባሉ። ድምፅ የት ይያዝ፣ የት ይንከባለል፣ የት ቁልቁል ይውረድ እነሱ ይናገራሉ።

«ምልክት ነው የኔታ፤ ግን የጣት ነው። የትኛው ኖታ በየትኛው ጣት እንደሚመታ ነው የሚነግረኝ።»

«ካልተመቸህስ?»

«እንዲመቸኝ እለማመዳለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ቅኔ ቤት መምህሩ መንገዱን ያሳይሃል፣ ሰዋስዉን ያገባሃል። ከዚያ የራስህን ቅኔ ዝረፍ ይልሃል። የመምህርህን ቅኔ መልሰህ ብትነግረው ደስ የሚለው ይመስልሃል? ያባርርሃል። ይህ ሰውዬ ዘረፋ አያውቅም እንዴ?»

ሰውዬው ዘረፋ ያውቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ከደጄ ወደ ፓሪስ ወሰደኝ። ክሎድ ደቢሲ በ1915፣ በጦርነቱ መካከል፣ ለሾፓን መታሰቢያ ያደረጋቸውን 12 የፒያኖ ኤቲዩዶች፣ ማለትም የልምምድ ድርሰቶች፣ ጻፈ፤ በጣም ከባድ ናቸው። አሳታሚው ሲያገላብጣቸው አንድም የጣት ቁጥር የለባቸውም። ደቢሲ በመግቢያው ላይ ምክንያቱን ሰጥቷል፦ አንድ ዓይነት የጣት አጣጣል ለተለያየ እጅ ሊስማማ አይችልም፤ ቁጥሩ አለመኖሩ ራሱ ትልቅ ልምምድ ነው፤ የየራሳችንን ጣት እንፈልግ። ጎንጅም ዋሸራም ቅኔ ቤት ገብቶ እንዳልተማረ አውቃለሁ፤ ግን የኔታ ቢሰሙት እስኪ ተቀመጥ ይሉት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ራስ ምታት የሚሆነው አውራ ጣት በአውሮፓም ብዙ ዘመን እንደ አዝማሪው አውራ ጣት ሥራ ፈት ነበር። የጥንቶቹ የኪቦርድ ተጫዋቾች ስኬል ሲጫወቱ በአመዛኙ የመካከሎቹን ጣቶች አንዱን በሌላው ላይ እያሻገሩ ይሄዱ ነበር። ፍራንሷ ኩፐራን በ1716 ክላቭሳን ስለሚባለው የቀድሞ ኪቦርድ አጨዋወት መጽሐፍ ሲያወጣ የጣት አጣጣል ዋነኛ ጉዳዩ ነበር። ከዚያ በ1753 ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ በርሊን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ አውራ ጣትን ከበታችነት አንሥቶ የጠቅላላው አጨዋወት ቁልፍ አደረገው። አባቱ፣ ታላቁ ባኽ፣ በልጅነቱ ያያቸው ታላላቅ ተጫዋቾች አውራ ጣታቸውን የሚጠቀሙት ለሰፊ ዝርጋታ ግድ ሲሆንባቸው ብቻ እንደነበር ይነግረው እንደነበርም ጽፏል። እንግዲህ የኔ ክርን የሚነሣው በእነ ባኽ ቤት በተሰጠ ሹመት ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አውራ ጣቴን በትዕግሥት ማየት ጀመርኩ። ወጣቱ ተሿሚ ነው፤ ሦስት መቶ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም።

ትዝታን ራሱን ፒያኖ ላይ ማውጣት የፈለገ ሰው ደግሞ የራሱ ጉድ ይጠብቀዋል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስት ኖታ፣ አምስት ጣት። ልክ ለልክ! 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብሎ መምታት የማያምረው ማን አለ? ግን ትንሿ ጣት ላ ላይ ቁማ ሳለች ቀጣዩን ዶ የሚይዘው ማን ነው? አውራ ጣት በአራት ጣት ሥር አልፎ ከትንሿ ማዶ ይውጣ ቢባል እጅ ይገለበጣል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው 1፣ 2፣ 3፣ 1፣ 2 ማለት ነው፤ አውራ ጣት በአንድ ኦክታቭ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፣ ግን ርቀቱ አጭር ነው። ሁለተኛው አምስቱንም ጣት ጨርሶ እጅን በሙሉ አንሥቶ ቀጣዩ ኦክታቭ ላይ ማሳረፍ ነው። ዝግ ላለ ትዝታ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በመካከል የምትፈጠረው ትንፋሽ ዘፋኝ የሚወስዳት ዓይነት ትንፋሽ ትሆናለች፤ ማንም ጉድለት አይላትም። ለፈጣኑ ግን የመጀመሪያው ነው የሚያዋጣው።

በጥቁሮቹ ብቻም ይቻላል። ከፋ ዲየዝ ተነሥቶ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች በተራ የነካ ልጅ ሁሉ፣ ሳይማር፣ ሳይጠይቅ፣ ትዝታ ሜጀርን ያገኛታል። የቅኝቱ ልኬት ከጥቁሮቹ አቀማመጥ ጋር አንድ ነውና። አሁን ሕጉን አስታውሱ፦ አውራ ጣት ጥቁር ላይ አይውጣ። ታዲያ የሚመታው ሁሉ ጥቁር ከሆነ አውራ ጣት የት ይሂድ? መሲንቆ አንገት ይያዝ? መልሱ፣ ይውጣ የሚል ነው። ፋ ዲየዝ ሜጀር አርፔጂዮ ሦስቱም ኖታው ጥቁር ስለሆነ ጣቱ ልክ እንደ ዶ ሜጀር 1፣ 2፣ 3 ነው። ሁሉም ከፍ ካለ ከፍታ የለም። ሕጉ ስለ ቀለም ሳይሆን ስለ ዳገትና ቁልቁለት መሆኑ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ሙዚቃን በልጅነቱ በክራር ነው የጀመረው፤ ፒያኖ ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ፣ ሄዶ ተማረ። በራሱ ድርሰቶች ውስጥ፣ በ«እረኛው ባለዋሽንት»ም ሆነ በ«አምባሰል»፣ ቀኝ እጁ ባለ አምስቱን ድምፅ እየበተነ ሲወጣና ሲወርድ ስሰማ፣ ይህ ሰው ጣቱን ክራር ላይ አስቀምጦ ነው ፒያኖ የሚመታው እላለሁ። ማረጋገጫ የለኝም፤ ጆሮዬ ነው የሚለው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ ገና ልጅ ሳሉ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በኋላ ካይሮ። ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ወጣ፤ በ2006 በ«ኢትዮፒክስ» ቅጽ 21 ዓለም አወቃቸው፤ በ2023 መጋቢት ወር ኢየሩሳሌም ዐረፉ፣ በ99 ዓመታቸው። ግራ እጃቸው ቾርዱን ቀስ አድርጎ ሲበትን፣ ቀኛቸው በላዩ ሲፈስ፣ የጣት ቁጥር የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ይረሳል። የትኛውም ኖታ «መጣሁ፣ ጠብቁኝ» አይልም። የተመቸ ጣት ሲሰማ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ምቾት እንዴት ይፈለጋል? መጀመሪያ አርፔጂዮውን መበተን ትቶ ኖታዎቹን በአንድ ላይ ድፍን አድርጎ መምታት ነው። እጅ ሳይጨነቅ የሚያርፍባቸው ጣቶች ብዙውን ጊዜ ትክክለኞቹ ናቸው። ሁለተኛ ከመጨረሻው መጀመር ነው። ጫፉ ላይ ትንሿ ጣት እንድትደርስ ከተፈለገ ወደ ኋላ እየቆጠሩ አውራ ጣት የት የት ይግባ ብሎ መወሰን እንጂ፣ ከታች ተነሥቶ እግዜር ያውቃል እያሉ መውጣት፣ ላይ ሲደርሱ ጣት ያስጨርሳል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ ቀስ ብለው ሲጫወቱ የተመቸ ጣት ሲፈጥኑ ላይመች ይችላል። ቀስ ሲባል አውራ ጣት ሥር ለሥር የሚያልፍበት ጊዜ አለው፤ ሲፈጠን ግን ያ ጊዜ የለም፤ እጅ ራሱ በሙሉ ወደ ጎን ይሄዳል፣ አውራ ጣት አብሮ ይደርሳል። ስለዚህ ጣቱን በዝግታ ቢመርጡም ገና ከጅምሩ ሁለት ሦስቷን ኖታ በሙሉ ፍጥነት ሞክሮ ማየት ነው። የሾፓን የመጀመሪያው ኤቲዩድ፣ ኦፐስ 10 ቁጥር 1፣ ከታች እስከ ላይ በሰፋፊ አርፔጂዮዎች የተሞላ ነው፤ እጁን ዘርግቶ አደንዝዞ የያዘ ሰው ገጹን ሳያገላብጥ ክንዱ ያቃጥለዋል። የሚያልፈው እጁን እየዘረጋ እየሰበሰበ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 5 እያለ የሚራመደው ነው። እኔ ስለሱ የምናገረው ከሩቅ ነው፤ 61 ቁልፍ ላይ ሾፓን መንገድ ያልቅበታል፣ ከገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ይቀራል።

አንድ የአገራችን ጥቅም አለ፤ ሳልናገር አላልፍም። መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱ ዝም ይላል፣ ጣት ግን መብራት አይፈልግም። የጣት አጣጣል የሚለማመዱት እንዲያውም ድምፅ ሲጠፋ ነው፤ ጆሮ ሲዘጋ እጅ ይናገራል፤ የት እንደሚጠብበው፣ የት እንደሚያመው ያኔ ይታወቃል። ከጮቄ በኩል ብርዱ ሲመጣ ጣቴን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅሁ ጠረጴዛውን እመታለሁ። አከራዬ እማማ በኩራዝ ብርሃን በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ከርመው አንድ ምሽት አላስቻላቸውም።

«የኔ ልጅ፣ የማን ዕዳ ነው እንዲህ የሚያስቆጥርህ?»

«ዕዳ አይደለም እማማ። አውራ ጣቴን ማስገባት እየተለማመድኩ ነው።»

«የት ነው የምታስገባው?»

«በእነዚህ ሥር።»

ዝም ብለው አዩኝ። በማግሥቱ ጠበል ይዘው መጡ። ጠጣሁ፤ ጣቶቼንም አስነከሩኝ፤ አራተኛውን ረዘም ላለ ጊዜ። እርግጥ ነው የትኛው እንደሚያስቸግረኝ አልነገርኳቸውም፤ ግን ሲያዩት ያስታውቅ ይሆናል።

የኔታም ቅዱስ ያሬድን አስታወሱኝ። ያሬድ ያያት ትል ዛፍ ላይ ልትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የወጣችውን ታሪክ በእኛ አገር ያልሰማ የለም፤ ልጅ ትምህርት በጠላ ቁጥር ይነገረዋል። «ታዲያ ትሏ በየትኛው እግሯ ነው የጀመረችው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የኔታ ለረጅም ጊዜ አሰቡ። «ስድስት ጊዜ በአንዱ፣ በሰባተኛው በሌላው ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፦ ቁጥሩን በእርሳስ ይጻፍ፣ በእስክሪብቶ አይጻፍ። እጅ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ዛሬ የተመቸው ለሳምንት ይቆረቁረዋል፤ ከጀርባ ያለው ኖታ ሲለወጥም የጣቱ ዕጣ ይለወጣል። በኔ መጽሐፍ ላይ ሚ ቤሞል ሜጀር የምትወርድበት አንድ ቦታ አለ፤ መጽሐፉ 4 ይላል፤ እኔ ሰርዤ 3 ጻፍኩ፤ ፍቄ 4 አደረግሁ፤ የኔታ በመጡ ሰሞን እንደገና 3። ወረቀቱ ተፍቆ ተፍቆ ተቀዷል፤ በቀዳዳው በኩል የቀጣዩ ገጽ ኖታ ይታያል። እሱን በሁለተኛ ጣት ነው የምመታው።